የሚያውቁትን አሮጌ ሸጦ የማያውቁትን አሮጌ መግዛት

ዳንግላ ውስጥ ጋራዥ በር ላይ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ላሠራት ወይስ ልሽጣት?» መኪናዋ ሃያ ዓመት አልፏታል። ቆጣሪው 300,000 ኪሎ ሜትር ተሻግሯል። ዘይት ትበላለች፤ ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች። መካኒኩ «ሞተሩ መውረድ አለበት» ይላል። ደላላው ደግሞ «አሁኑኑ ሽጣት፤ ትንሽ ጨምርና አሪፍ መኪና ላስገዛህ» ይላል። ባለቤቱ መሃል ላይ ቆሞ ሒሳብ ያወጣል።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከአሮጌና ከአዲስ አንዱን እንደ መምረጥ ተደርጎ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዳንግላ ወይም እንጅባራ ለሚኖር ለአብዛኛው ባለ መኪና፣ አዲስ የሚባል ነገር ምርጫው ውስጥ የለም። የቀረበለት ምርጫ፣ ጠባይዋን እሱ በሚያውቃት አሮጌ መኪናና ሌላ ሰው ጠባይዋን አውቆ በሸጣት አሮጌ መኪና መካከል ነው። ነገሩ በዚህ መልክ ከታየ መልሱም ይለወጣል፦ አብዛኛው ሰው መኪናውን መያዝና በደንብ ማሠራት ይሻለዋል። ግን ይህ ምክር የሚቆምበት ድንበር አለው፤ ድንበሩም ገንዘብ ሳይሆን ፍሬን ነው።

አዲስ መኪና ከምርጫው እንዴት እንደወጣ ማስታወስ ይጠቅማል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ያገለገሉ መኪኖች ላይ በዕድሜያቸውና በሞተራቸው መጠን የሚያድግ ታክስ ጣለ፤ ለአሮጌዎቹ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ከስድስት ወር በኋላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ።

ሦስቱ ሲደመሩ፣ አገር ውስጥ ያለችው የነዳጅ መኪና ምትክ የሌላት ሆነች። ሌላ አገር መኪና በየዓመቱ ዋጋዋ ይወርዳል፤ እኛ አገር ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛች ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ብር ታወጣለች። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል። ነገር ግን የእሱ መኪና በተወደደበት ገበያ፣ ሊገዛት ያሰባትም በዚያው ልክ ተወድዳለች። ባለ አንድ መኪና ሰው ከመኪና ዋጋ መጨመር የሚያተርፈው፣ መኪናውን ሸጦ በእግሩ መሄድ ከጀመረ ብቻ ነው።

አዲስ መግቢያ ሲዘጋ አሮጌው እንደሚሰነብት የኩባን ያህል ያሳየ አገር የለም። ከ1959 እ.ኤ.አ. አብዮት በፊት የገቡ የአሜሪካ መኪኖች ዛሬም ሃቫና ላይ ሰው ይጭናሉ። ብዙዎቹ የራሳቸው ሞተር ወጥቶ ከሌላ አገር መኪና የመጣ ሞተር ገብቶላቸዋል። ቱሪስት ፎቶ ያነሳቸዋል፤ ባለቤቶቻቸው ግን የሚነዷቸው ሌላ ስለሌላቸው ነው። አገሪቱን በመኪኖቿ ያቆየቻት የመካኒኮቿ እጅ ናት። ኢትዮጵያም ወደዚያው መንገድ እየገባች ከሆነ፣ የመኪናን ዕድሜ ማራዘም የድሃ ሰው ዘዴ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሰው ሙያ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው ቃላቱ የታወቁ ናቸው፦ «አንዲት ሴት የነዳቻት»፣ «ሞተሯ ያልተከፈተ»፣ «የዶክተር መኪና ናት»። ቀለሟ ይታደሳል፣ ወንበሯ ሽፋን ይለብሳል፣ የሞተሩ ክፍል በውኃና በናፍጣ ታጥቦ ያበራል። ቆጣሪዋም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ገዢው የሚያየው ይህንን ነው። ዘይት ሳይቀየርላት ስንት ወር እንደተነዳች፣ ሞተሯ ስንት ጊዜ እንደጋለ፣ ተገልብጣ ቀጥ መደረጓንና አለመደረጓን አያይም።

የአዊ ሰው ስለ ፈረስ ቢጠየቅ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በሚያከብሩት በዓል ላይ የሚታየው ጌጥ ያማረ ነው፤ ፈረስ የሚገዛ ሰው ግን ጌጡን አይገዛም። ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሳል፣ አስሮጦ ትንፋሹን ያዳምጣል፣ ማን ቤት እንዳደገ ይጠይቃል። መኪና ሲሆን ግን ያው ሰው በቀለም ተማርኮ ያጠራቀመውን ሁሉ ይከፍላል። የመኪና ጥርስ የሚነበበው ጠዋት ሳትሞቅ ስትነሳ በምታወጣው ጭስ፣ በዘይት መክደኛዋ ሥር በሚታየው ቆሻሻ፣ በራዲያተሯ ውኃ መልክ፣ ከሥሯ በሚገኘው ብየዳ ነው። ሻጩ «ሞተሯ ሞቋል» ብሎ የሚጠብቅህ ከሆነ ጥርሷን ሸፍኖልሃል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው የቆጣሪ ቁጥርም የሚመስለውን ያህል አይናገርም። ኢርቭ ጎርደን የተባለ የኒውዮርክ መምህር በ1966 እ.ኤ.አ. የገዛትን ቮልቮ ፒ 1800 ሳይቀይር፣ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል አስቆጥሮባታል፤ ወደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ምስጢሩ ተአምር አልነበረም፦ ዘይቱን በጊዜው መቀየር፣ የፋብሪካውን መመሪያ መከተል፣ ትንሽ ድምፅ ሲሰማ ሳይውል ሳያድር ማሳየት። በእርግጥ የአሜሪካ አውራ ጎዳናና የእኛ ኮረኮንች አንድ አይደሉም። ቢሆንም ነጥቡ አይለወጥም፦ በደንብ የተያዘች የ300,000 ኪሎ ሜትር መኪና፣ ችላ ከተባለች የ150,000 ኪሎ ሜትር መኪና ትበልጣለች።

እንዲያውም አብዛኞቹ ቪትዞችና ኮሮላዎች እዚህ የደረሱበት ምክንያት ይህንኑ ያሳያል። ጃፓን ውስጥ አዲስ የቤት መኪና መጀመሪያ በሦስት ዓመቷ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ «ሻኬን» የሚባል ጥብቅና ውድ ምርመራ ታልፋለች። ብዙ ጃፓናዊ መኪናውን የሚሸጠው ሞተሩ ስላለቀ ሳይሆን የሚቀጥለውን ምርመራ ወጪ ላለመክፈል ነው። እዚያ «አረጀች» የተባለችው መኪና እዚህ ስትገባ ገና ብዙ ዕድሜ ነበራት። ከዚያ በኋላ የቀረውን ዕድሜዋን የበላው እኛ ጋ ያገኘችው አያያዝ ነው።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። አንድ ሰው መኪናውን በ900,000 ብር ሸጦ በዕድሜ ትንሽ የምታንስ በ1,700,000 ሊገዛ አስቧል እንበል። ልዩነቱ 800,000 ነው። የስም ማዛወሪያ፣ የደላላ፣ አዲሷ መኪና እጁ ከገባች በኋላ የሚቀየር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ባትሪና ጎማ ሲጨመር 850,000 ይደርሳል። ያለችውን ለማሠራት ደግሞ ሞተር ማውረድን፣ ፍሬንን፣ ሾክ አብዞርበርንና ጎማን ጨምሮ 220,000 ይፈጃል እንበል። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት 630,000 ብር ነው።

«በነዳጅ አካክሰዋለሁ» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ነዳጅ ተወድዷል፤ በ2014 ሊትሩ ከ40 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አዲሷ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ትቆጥባለች እንበል። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ቁጠባው 240 ሊትር ነው፤ ሊትሩ በ130 ብር ቢታሰብ 31,200 ብር። 630,000 ብርን በዚህ ቁጠባ ለመመለስ 20 ዓመት ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ «አዲሷ» መኪና አርባ ዓመት ሊሞላት ይችላል። ገንዘቡ ከእቁብ ወይም ከብድር የመጣ ከሆነ ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል።

ይህ ማለት መሸጥ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። በመኪናው የሚያድር ሰው፣ መኪናዋ ጋራዥ የምትቆምበት ቀን ሁሉ ከገቢው ይቀነሳል። ያንን ቀን ያልቆጠረ ሒሳብ ሒሳብ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ዋጋው፣ የቆመችባቸው ቀናት። አንድ ዓመት በትክክል የተጻፈ ደብተር፣ ከመካኒኩም ከደላላውም የተሻለ ምክር ይሰጣል። ዕቃው እየተቀያየረ አንዱ ብልሽት ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ፣ የቆመችባቸው ቀናት ከወር ወር እየጨመሩ ከሄዱ፣ ለሞዴሏ ዕቃ ማግኘት ሳምንታት መፍጀት ከጀመረ፣ ያኔ መሸጥ ምክንያት አለው። «ሰለቸችኝ» ግን ምክንያት አይደለም። «የጎረቤቴ ተቀየረች» ደግሞ ጭራሽ አይደለም።

መኪናውን ለመያዝ የወሰነ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ልዩነት አለ፦ ማስታመምና መጠገን አንድ አይደሉም። «ለጊዜው ትሂድልኝ» ተብሎ በሽቦ የታሰረ ማርሚታ፣ በማጣበቂያ የተደፈነ ራዲያተር፣ ከሌላ መኪና ወጥቶ የተገጠመ ያለቀ ኩሽኔታ ማስታመም ነው። ማስታመም ርካሽ ይመስላል፤ ዓመቱ ሲደመር ግን የመጠገኛውን ዋጋ አልፎ ይገኛል። የተደፈነው ራዲያተር አንድ ቀን መንገድ ላይ ያፈስሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። በሺዎች የሚያልቅ ሥራ በመቶ ሺዎች ይሆናል።

የሥራው ቅደም ተከተልም አለው። መጀመሪያ የሚያቆመው፦ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይትና ቱቦው። ቀጥሎ የሚመራው፦ የመሪ ጫፎች፣ ኩሽኔታና ጎማ። ከዚያ የሚያቀዘቅዘው፦ ራዲያተር፣ የውኃ ፖምፓና ቺንጋ። ሞተርና ካምቢዮ ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ። ቀለም የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ግን ከቀለም ይጀምራል፤ ምክንያቱም ቀለምን ሰው ያያል፣ የፍሬን ቱቦን ግን የሚያየው የለም።

ዕቃ ላይ ደግሞ ዳንግላ ያለ ሰው የራሱ ችግር አለበት። የማይገኝ ዕቃ ከባሕር ዳር፣ ካልሆነም 480 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ይታዘዛል፤ በሰው እጅ ወይም በመኪና ተልኮ ይመጣል። ሳያይ የሚገዛ ሰው ፎርጅድ ይላክለታል። ስለዚህ አሮጌው ዕቃ ወልቆ ቁጥሩ ሳይነበብ ማዘዝ፣ ለመጣውም ሳያስተያዩ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚንም እንዲሁ ነው። ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ የተቀላቀለበት ጥቂት ሊትር፣ በስንት ድካም የተሠራውን ሞተር መልሶ ጋራዥ ያስገባል። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው የነዳጅ ፊልትሮ ላይ መቆጠብ የለበትም።

የጊዜው ሁኔታም ከሒሳቡ ውጭ አይደለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ መንገድ ለቀናት የሚዘጋበት፣ ነዳጅ የሚጠፋበት፣ መኪና ግቢ ውስጥ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ የቀረውን ተበድሮ መኪና የሚቀይር ሰው አንድ ነገር ሊያስብ ይገባል። መንገድ ሲዘጋ መኪናው ይቆማል፤ ዕዳው ግን አይቆምም። የ630,000 ብሩ ልዩነት፣ ወይም ከእሱ ግማሹ፣ ቤት ውስጥ መጠባበቂያ ሆኖ ቢቀመጥ፣ ከአዲስ ሞዴል መብራትና ከካሜራ የበለጠ ቤተሰብ ያኖራል።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ መኪናስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መንግሥት ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጓቸው ነበር፤ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ነበር። ርቀቱም ከዳንግላ አያስፈራም፦ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ በአንድ ሙሌት ይሄዱታል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር መኪናውም ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠብቃል። የባትሪና የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ በየከተማው እንደ ቤንዚን መካኒክ ገና አልተስፋፋም። ያገለገለች ኤሌክትሪክ ለሚገዛ ደግሞ፣ የባትሪው ጤና ካልተለካ ነገሩ ያው የቆጣሪ ጨዋታ ነው። ግቢው ውስጥ አስተማማኝ መብራት ላለውና ሁለተኛ አማራጭ ላለው ሰው ጥሩ ምርጫ ናት። አንዲት መኪና ብቻ ላለው የዳንግላ ሰው ግን ትንሽ መጠበቅ አይጎዳም።

አሁን ወደ ድንበሩ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው አባባል እስካሁን ለተባለው ሁሉ ይሠራል። ፍሬን ላይ ሲደርስ ግን አይሠራም። ጠባይዋን የምታውቃት መኪና «ፍሬኗ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይረገጣል» ከተባለ፣ ያ ጠባይ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ከጎሓ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፦ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ደህና ፍሬን እንኳ ግሎ ይሸታል። የዳንግላ ክረምት ደግሞ ከባድ ነው፤ በጭቃና በዝናብ ላይ ያለቀ ጎማ ማቆሚያ የለውም። ሻንሲዋ የተሰነጠቀ፣ ወለሏ በዝገት የተበላ፣ መሪዋ ተጠግኖም የሚንሸራተት መኪና «ልያዛት ወይስ ልሽጣት» የሚባልባት አይደለችም። ለሌላ ሰው መሸጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ሞቱን ወደ ሌላ ቤት መላክ ነው። ፈትቶ ዕቃዋን መሸጥ ይቻላል፤ ደህና የሆነው ዕቃዋ ለሌላ መኪና ዕድሜ ይሆናል።

ይህ ነገር ሰው ለሚጭኑት ደግሞ እጥፍ ይከብዳል። የቤት መኪና ያለው ሰው አደጋውን ከሞላ ጎደል ለራሱ ነው የሚመርጠው። ከዳንግላ በዱርቤቴና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር የሚመላለስ፣ ወይም በአዲስ ቅዳም አድርጎ እንጅባራ የሚሄድ አሮጌ ዶልፊን ላይ የተሳፈረች እናት ግን የመረጠችው ነገር የለም። ከፍላ ገብታለች። የባለ ንብረቱን ደብተር አላየችም። ባለ ንብረቱ «ይህን ወር እንደምንም ልግፋበት» ሲል፣ የሚገፋው በእሷና በልጇ ሕይወት ነው። ገቢ ቀነሰ፣ ተራ ጠፋ፣ ነዳጅ ተወደደ የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ለፍሬን ግን ሰበብ አይሆንም።

እዚህ ላይ መንግሥትም ድርሻውን ሊወስድ ይገባል። አዲስ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ሲወስን፣ ያሉት ረጅም ዕድሜ እንዲቆዩ አብሮ ወስኗል። የወሰነውን ነገር ሊያኖረው ይገባል። የፍሬን፣ የመሪና የጎማ ዕቃ እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ መድኃኒት መታየት አለበት፤ ቀረጡ ቢቀንስ የሚተርፈው የሰው ሕይወት ነው። በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ ወረቀት ለመውሰድ የሚደረግ ሥርዓት ሆኖ ከቀረ፣ ከናካቴው ባይኖር ይሻላል፤ ምክንያቱም የሐሰት መተማመኛ ይሰጣል። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ነገ ለሚመጣው ኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ መንገድ ላይ ላለው የሃያ ዓመት ቪትዝና ዶልፊን ባለሙያ ማፍራት አለባቸው።

እስከዚያው ድረስ ውሳኔው የባለቤቱ ነው። ሻንሲዋና ወለሏ ደህና ከሆነ፣ ዕቃዋ የሚገኝ ከሆነ፣ ደብተሩም ብልሽቷ እየተዘጋ መሄዱን ካሳየ፣ ያሠራት፤ ያለ ኀፍረትም ይንዳት። ካልሆነ ይለያት፤ ሲገዛም ጎረቤት ካወጣው ቀለም ይልቅ መካኒክ ከሥር ተኝቶ ያየውን ይመን። ሁለቱንም ለማድረግ ዛሬ ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሥራ ያስቀድም፦ ነገ ጠዋት ቁልፉን ከማዞሩ በፊት የፍሬን ዘይቱን ከፍቶ ይይ።